ፑሽካሽን የመታው ጀርመናዊ ማን ነበር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ምዕራብ ጀርመን በፍጻሜው ሀንጋሪን ያሸነፈችበትን የ1954ቱን የዓለም ዋንጫ በጨረፍታ ነካ አድርገን ብናልፍ ጥያቄው ጎረፈ። የሚገርመው ስለ ጀርመኑ አምበል ፍሪትዝ ዋልተር የጠየቀ ሰው የለም። ፍጻሜው ላይ ሁለት ጎል ስላገባው ስለ ራንም እንዲሁ። ሁሉም የፈለገው አንድ ተከላካይ ነው፣ ያውም የሀንጋሪውን አምበል ፑሽካሽን በመታበት ካልቾ የሚታወቅ። እሺ፣ እንመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ “ስሌታችሁ ሰባት ዓመት ተሳስቷል” የሚል ደብዳቤ እንዳይመጣብን።

ፒያሳ የምንሰበሰብበት ካፌ አንድ ጋሼ አሉ። ኳስ ከተነሳ ዝም አይሉም። “ሀንጋሪ በ1954 ዋንጫውን ያጣችው በኳስ አይደለም፣ በካልቾ ነው፤ አንድ ጀርመናዊ ሥጋ ቆራጭ ፑሽካሽን ሆን ብሎ ሰበረው” ይላሉ። እኔ ደግሞ ፑሽካሽ እኮ ፍጻሜውን ተጫውቷል፣ ጎልም አግብቷል፣ እንዴት ተሰበረ ይባላል ብዬ ተከራከርኩ። ማን ነው ልክ? — ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ከእውነቱ ቁራሽ ቁራሽ ይዛችኋል። ሰውየው ቬርነር ሊብሪሽ ይባላል። በ1927 ካይዘርስላውተርን ከተማ ተወለደ፣ እዚያው አደገ፣ እዚያው ተጫወተ። ካልቾዋ የተሰነዘረችው ግን በፍጻሜው አይደለም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጁን 20 ቀን ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ፣ ሀንጋሪ ምዕራብ ጀርመንን 8 ለ 3 ባደቀቀችበት የምድብ ጨዋታ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ሊብሪሽ ከኋላ መጥቶ የፑሽካሽን ቁርጭምጭሚት መታ። በዚያ ዘመን ቅያሪ የሚባል ነገር የለም። አምበሉ ወጣ፣ ሀንጋሪም የቀረውን በ10 ሰው ጨረሰች።

ፑሽካሽ ሩብ ፍጻሜውም ግማሽ ፍጻሜውም አመለጠው። ጓደኞቹ ያለ እሱ ብራዚልን 4 ለ 2፣ ኡራጓይን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። ለፍጻሜው ተመለሰ፤ እግሩ ግን በደንብ አልዳነም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ገና በ6ኛው ደቂቃ አገባ። መጨረሻ አካባቢም አንድ ጨምሮ ነበር፣ መስመር ዳኛው ኦፍሳይድ ብሎ አስቀረበት። ስለዚህ “ተሰበረ” የሚለውን ለጋሼ አንሰጣቸውም። “ተጎድቶ ተጫወተ” ካሉ ግን ልክ ናቸው።

ሆን ብሎ ነው ወይ የሚለው ነው ሰውን የሚያጣላው። ፑሽካሽ በግልጽ ሆን ተብሎ ነው ባይ ነበር። ጀርመኖቹ አይቀበሉም። እኔ የምለውን ልንገርህ፣ ግን መጀመሪያ ያ ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደነበር ማወቅ አለብህ።

የዚያ ዓመት የምድብ አሠራር ጉደኛ ነው። በየምድቡ አራት ቡድን አለ፤ ሁለቱ “ትልቅ” ተብለው ይመደባሉ፣ ሁለቱ “ትንሽ”። ትልቅ ከትልቅ አይጋጠምም፣ ትንሽም ከትንሽ። ጀርመን ከትንሾቹ ተመደበች፣ ቱርክ ከትልቆቹ። (አዎ፣ ቱርክ። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ አሉ።) ጀርመን ቱርክን 4 ለ 1 ካሸነፈች በኋላ አሰልጣኙ ሄርበርገር ቁጭ ብሎ አሰላ። ሀንጋሪን የማሸነፍ ተስፋ የለም፤ ብንሸነፍም ከቱርክ ጋር እንደገና ተጋጥመን እናልፋለን። እናም ሰባት ተጫዋች ቀይሮ አብዛኛውን ተጠባባቂ አሰለፈ። ሊብሪሽ ከሰባቱ አንዱ ነበር።

አሁን ራስህን በእሱ ቦታ አስቀምጥ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ከውጭ ተመልክተሃል። በመሃል ተከላካይነት የተሰለፈው የሀምቡርጉ ፖሲፓል ነው፤ በ1953 ለንደን ላይ እንግሊዝን 4 ለ 4 በገጠመው የአውሮፓ ምርጥ ቡድን ውስጥ የነበረ ሰው። አንተ ዕድል የተሰጠህ አሰልጣኝህ አስቀድሞ “ተሸንፈናል” ባለው ጨዋታ ነው። ፊት ለፊትህ ከ1950 ጀምሮ ያልተሸነፈ ቡድን አለ፤ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን፣ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ 6 ለ 3 ያዋረደ። ጎሉ ይዘንባል። እንደዚህ ዓይነት ቀን ላይ ያለ ተከላካይ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ተናዶ ይገባል፣ ያገኘውን ይመታል። ለእኔ ያ መጥፎ ፋውል ነው። ተንኮል ተጠንስሶ የተደረገ ነው የሚለውን ግን አልገዛውም፤ በተጠባባቂ ቡድን፣ ለመሸነፍ በተገባበት ጨዋታ ላይ ማን ሴራ ይሠራል?

ፑሽካሽም ቢሆን ስለ ጀርመኖች ያለው ሁሉ ወንጌል አይደለም። በ1957 ጀርመኖቹ መድኃኒት ወስደው ነው ያሸነፉን ብሎ ተናግሮ ትልቅ ጠብ ተነሳ። በ1960 ክለቡ ሪያል ማድሪድ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አይንትራክት ፍራንክፈርትን ሊገጥም ሲል ጀርመኖች ከእሱ ጋር አንጫወትም አሉ። ይቅርታ ጠይቆ ተጫወተ። ከዚያም አራት ጎል አገባባቸው፣ 7 ለ 3። ይቅርታ እንዲህ ከሆነ ማን ይጠላል!

በፌስቡክ የሚዞር አንድ የፍጻሜው ፎቶ ላይ ሊብሪሽ የተባለው ተከላካይ 10 ቁጥር ለብሷል። ተከላካይ 10 ቁጥር? ፎቶው የተነካካ አይደለም? — ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ

አልተነካካም። በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች ለውድድሩ በሙሉ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ጀርመኖች ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት ደረደሩት። ተከላካዮቹ ቀደሙ፣ አማካዮቹ ተከተሉ፣ አጥቂዎቹ ከ12 ጀመሩ። ለሊብሪሽ 10 ደረሰው። ጎል አግቢው ራን 12፣ ሞርሎክ 13፣ ፍሪትዝ ዋልተር ደግሞ 16። ፑሽካሽም 10 ነበር፤ ስለዚህ 10 ቁጥሩን የመታው ሌላው 10 ቁጥር ነው። ይህችን ለጥያቄና መልስ ውድድር ያዝዋት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ ስቶፐር ሆኜ እጫወታለሁ። ስለ ሊብሪሽ ካልቾውን ብቻ ነው የሚያወሩት። ኳስ ይችል ነበር? እንዴት ነበር የሚጫወተው? — ከስድስት ኪሎ

ጥሩ ጥያቄ መጣ፤ የሙያ አጋርህን መጠየቅህ ደስ ይላል።

ያኔ ከኋላ የሚሰለፉት ሦስት ናቸው። ግራና ቀኝ አንድ አንድ፣ መሃል ላይ ስቶፐሩ። አጠገብህ ሁለተኛ መሃል ተከላካይ የለም፤ አንተ ካመለጠህ የቀረው በረኛው ነው። ሥራውም ግልጽ ነበር፣ የተጋጣሚን 9 ቁጥር መያዝ። ሀንጋሪዎች ይህን አሠራር ነው ያፈረሱት። 9 ቁጥራቸው ሂዴግኩቲ ፊት አይቆምም፣ ወደ መሃል ሜዳ ይመለሳል። ስቶፐሩ ተከትሎት ከሄደ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፣ አጥቂዎቹ ፑሽካሽና ኮቺሽ ዘው ብለው ይገባሉ። ካልተከተለው ደግሞ ሂዴግኩቲ ብቻውን ነው። በ6 ለ 3ቱ ጨዋታ ለንደን ላይ የእንግሊዙ ስቶፐር ልከተል ልቅር ሲል ሂዴግኩቲ ሦስት አገባ። አንተም ጃንሜዳ ላይ አጥቂው ወደ ኋላ ሲሸሽብህ የምትሆነውን ታውቀዋለህ።

ሄርበርገር ለፍጻሜው መላ ዘየደ። ሂዴግኩቲን የሚከተለው ስቶፐሩ መሆኑ ቀርቶ ወጣቱ ኤክል ሆነ፤ ሯጭ ልጅ ነው። ኮቺሽን አማካዩ ማይ ያዘው። ሊብሪሽ ቦታውን ሳይለቅ መሃሉን ጠበቀ። ኮቺሽ የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ነው፣ በአምስት ጨዋታ 11 ጎል፤ ፍጻሜው ላይ ግን ዜሮ። ሂዴግኩቲም ዜሮ።

ፖሲፓል የት ሄደ ካልክ፣ በቀኝ ተከላካይ በኩል ነው። ስቶፐሩ እሱ ነበር፤ ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ ግን ቦታውን ሊብሪሽ ወሰደው። ከዚያ የ8 ለ 3 ውርደት ሄርበርገር ተጠባባቂዎች ብሎ ካሰለፋቸው ውስጥ ሁለት ሰው አተረፈ፣ ከፊት ራንን፣ ከኋላ ሊብሪሽን። ያኔ ግን ከጀርመን የስድብ ደብዳቤ እየወረደበት ነበር።

ቁጥሩን ራስህ ተመልከተው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች (ቱርክ፣ ሀንጋሪ፣ ከቱርክ ጋር የተደገመው 7 ለ 2) ጀርመን 11 ጎል ገባባት። ሊብሪሽ መሃል ላይ በቋሚነት በቆመባቸው በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን 3 ብቻ። ዩጎዝላቪያ 0፣ ኦስትሪያ 1፣ ሀንጋሪ 2። በርግጥ ስምንቱ ሲገቡም ሜዳ ውስጥ ነበር፣ ይህን አንደብቅለትም። ልዩነቱ ግን ያኔ አጠገቡ የነበሩት አብዛኞቹ ከእሱ ጋር የለመዱ አልነበሩም። በፍጻሜው ከተሰለፉት 11 ሰዎች አምስቱ ከአንድ ክለብ ናቸው፤ የካይዘርስላውተርን ሁለቱ ዋልተሮች፣ ኤክል፣ ኮልማየርና ሊብሪሽ። ከኋላ ካሉት ሦስቱ ሁለቱ በየሳምንቱ አብረው የሚጫወቱ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አይወራም? አንዱ ምክንያት ፊልሙ ነው። የዚያ ፍጻሜ ሙሉ ቀረጻ ዛሬ የለም፤ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው፣ ቁርጥራጩ ላይ ደግሞ የሚበዛው ጎል ነው። ተከላካይ ደህና የሠራበት ደቂቃ ማን ያስቀምጠዋል? አበላሽቶ ከሆነ ግን አይጠፋም። በ8ኛው ደቂቃ የግራው ተከላካይ ኮልማየር ኳሱን ወደ በረኛው ቱሬክ መለሰ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ኳሱ ሳሙና ሆኗል፣ ከቱሬክ እጅ አመለጠ፣ የሀንጋሪው ቺቦር ደርሶ ባዶ ጎል ውስጥ አስገባው። 2 ለ 0። ይቺ ቁርጥራጭ በየአራት ዓመቱ ትታያለች። ያው ኮልማየር ከአንድ ሳምንት በፊት ጄኔቫ ላይ ከዩጎዝላቪያ ጋር ደጋግሞ ከመስመር ላይ ኳስ ሲያወጣ የዋለ ሰው ነው፤ ያን ጨዋታ ባያሸንፉ ኖሮ ፍጻሜው በተደረገባት የበርን ከተማ የሚጫወት ጀርመን አይኖርም ነበር።

ደግሞ ጫማው አለ። አዲዳስን የመሠረተው ዳስለር ለዚያ ቡድን ጥርሱ እየተፈታ የሚቀየር ታኬታ ሠርቶ ነበር፣ ለጭቃ ረዘም ያለ ጥርስ። ስለ ራን ጎል ሲወራ ነው ይህ የሚነሳው። እኔን ከጠየቅከኝ በጭቃ ታኬታ ከአጥቂው ይልቅ የሚጠቅመው ዞሮ መሮጥ ያለበትን ተከላካይ ነው፤ አጥቂ ቢንሸራተት ኳስ ያጣል፣ ስቶፐር ቢንሸራተት ጎል ይገባል።

ሊብሪሽ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ምን አገኘ? ቪላ ቤት? መኪና? ከዚያስ በኋላ እሱና ጓደኞቹ የት ደረሱ? — ከአራት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

እህቴ፣ የዛሬውን ደመወዝ እርሺው። ያኔ ጀርመን ውስጥ ብሔራዊ ሊግ እንኳን የለም፣ ቡንደስሊጋ የጀመረው በ1963 ነው። ተጫዋቾቹ በክለብ ውል የሚከፈላቸው ጣሪያ በወር 320 ማርክ ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ሌላ ሥራ ነበረው። ፍሪትዝ ዋልተር ሲኒማ ቤትና የልብስ ንጽህና ቤት ከፍቶ ነበር፣ ወንድሙ ኦትማር ነዳጅ ማደያ ያዘ፣ ኤክል በኋላ መምህር ሆነ።

ሊብሪሽ ክለብ ቀይሮ አያውቅም። ከካይዘርስላውተርን ጋር በ1951 እና በ1953 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። በ1954ም ፍጻሜ ደርሰው ነበር፤ የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው በሀኖቨር 5 ለ 1 ተቀጠቀጡ። እስቲ አስቢው፣ የክለብ ፍጻሜ 5 ለ 1፣ ቀጥሎ ባዝል 8 ለ 3፣ ከዚያ የዓለም ዋንጫ፣ ሁሉም በአንድ ግንቦትና ሰኔ ውስጥ። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተው 16 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከ1951 እስከ 1956፣ ያለ አንድ ጎል። በ1962 ጫማ ሰቀለ፣ ቡንደስሊጋው አንድ ዓመት ሲቀረው። በ1965 ክለቡ ላለመውረድ ሲንገታገት ለቀሪው የውድድር ዘመን አሰልጣኝ ሆኖ ገብቶ አተረፈው። ቡድኑ በሊጉ ቆየ፣ እሱም ወደ ኑሮው ተመለሰ። በ1995 አረፈ።

የኮልማየር ነገር ግን ልብ ይሰብራል። ኳስ ሲያበቃ መጠጥ ያዘው። ትዳሩ ፈረሰ። የቀን ሠራተኛ ሆኖ ግንባታ ላይ ሠራ፣ መጨረሻ ላይ ማይንዝ አካባቢ የአንድ ጋዜጣ ድርጅት በር ጠባቂ ሆነ። በማርች 1974 በ49 ዓመቱ ሞተ፤ በርን ላይ ፍጻሜውን ከተጫወቱት 11 የመጀመሪያው ሟች እሱ ነው። በዚያው ዓመት በጋ ጀርመን በገዛ ሀገሯ ሁለተኛውን ዋንጫ በላች። ጥቂት ወራት ቢቆይ ያይ ነበር።

ገጽ ሙሉ ለጀርመን ተከላካይ ትሰጣላችሁ፣ የራሳችን ሰው የለም? — ከሜክሲኮ፣ የተቆጡ አንባቢ

ቁጣዎ ይገባናል፣ ጋሼ። ግን እርስዎን ልጠይቅ። በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ፍጻሜው ላይ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን (የያኔዋን ግብፅ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። ይህን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይነግርዎታል። የግብፆቹን አጥቂዎች በዚያ ሠላሳ ደቂቃ ያቆሙት እነማን ናቸው ብለው ሰፈርዎ ውስጥ ይጠይቁ እስቲ። ጸጥ ነው የሚሉት። ያን ቀን ስታዲየም የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የነበሩ፣ ስለ ተከላካዮቻችን የምታስታውሱትን ጻፉልን። የምታስታውሱት አንድ ኳስ ከሆነም አንዱን። ለሚቀጥለው እትም ቦታ ይዘናል።

በ1970 የዓለም ዋንጫ ጣሊያን ላይ በመጨረሻ ደቂቃ ያገባው ሽኔሊንገርም ከነዚያ ከ1954ቶቹ ነው? ጓደኛዬ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። — ከለገሃር

አይደለም። ካርል ሃይንዝ ሽኔሊንገር በ1954 ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር፣ የዱረን ከተማ ልጅ። ከ1958 እስከ 1970 በአራት የዓለም ዋንጫ የተጫወተ ተከላካይ ነው። ከኮሎኝ ጋር በ1962 ሻምፒዮን ሆነ፣ ከዚያ ጣሊያን ገባ፣ ከሚላን ጋር በ1969 የአውሮፓ ዋንጫን በላ። ለጀርመን 47 ጊዜ ተጫውቶ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱም ያው እርስዎ ያሉት፣ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ የሚኖርባትና የሚጫወትባት ጣሊያን ላይ። ጀርመን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ተሸነፈች፣ እሱም ወደ ሚላን ተመልሶ እስከ 1974 ተጫወተ። በ2024 እዚያው ሚላን አረፈ።